ወንበር ሲለቀቅ ማን ይቀመጥበታል?

በአፉላ በወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

ሥራ ውላችሁ፣ ልጆቻችሁን ለጎረቤት ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከጊቫት ሃሞሬ ዳገቱን በእግር ወርዳችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናችኋለን።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ቤት፣ ቡና ላይ በተገናኘን ቁጥር ከሽማግሌዎቻችን የምንሰማው ጥያቄ ነው። «የክነሴት አባል ሲሞት ወይም ሥራውን ሲለቅ ሕዝቡ ለምን አይጠየቅም? በቦታው የገባው ሰው በማን ድምፅ ገባ?» ይሉናል። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ «አባባ፣ እዚህ አገር እንዲህ ነው» ብለው ያልፉታል። እኛ ግን ጥያቄው መታለፍ የለበትም እንላለን። ከእኛ ማኅበረሰብ ክነሴት ከገቡት ሰዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት የገቡት በምርጫው ማግስት ሳይሆን የሌላ ሰው ወንበር ሲለቀቅ ነው። ስለዚህ ወንበር እንዴት እንደሚለቀቅና እንዴት እንደሚያዝ ካላወቅን፣ የራሳችን ሰዎች በየትኛው በር እንደገቡና በየትኛው በር እንደወጡ አናውቅም ማለት ነው።

ከመጀመራችን በፊት፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠራቸው፤ እንዳትሳሳቱብን።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በአገር ቤት የምክር ቤት ወንበር የአንድ አካባቢ ወንበር ነው። በንጉሡ ዘመን በ1955 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ በ1957 ተደረገ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። የሚመረጠው ሰው በስሙና በአገሩ ይታወቃል፤ ለመመረጥም ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። ርስት ለተነፈገው ለቤተ እስራኤል ልጅ ያ በር የተዘጋ ያህል ነበር። ሆኖም ሐሳቡ በሁላችንም አእምሮ ቀርቷል፦ ወንበሩ የአገሩ ነው፣ ሰውየው ከሄደ አገሩ ሌላ ይልካል።

ዛሬም በኢትዮጵያ እንዲህ ሲሆን «የማሟያ ምርጫ» ይባላል። ትልቁና ብዙ የተወራለት በሚያዝያ 2008 የተደረገው ነው። በ2005 ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አሸንፎ ነበር፤ ነገር ግን በምርጫው ውጤት ላይ በተነሣው ጠብ ምክንያት ምክር ቤቱን ሳይረከብ ቀረ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። ከተማዋ በባለ አደራ አስተዳደር ቆየች። ከሦስት ዓመት በኋላ የአካባቢና የማሟያ ምርጫ ተብሎ ሕዝቡ እንደገና ተጠራ፤ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ከውድድሩ ሲወጡ ገዥው ፓርቲ የአዲስ አበባን ምክር ቤት ወሰደ። እንግዲህ ሕዝብ እንደገና መጠራቱ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ማን ይወዳደራል፣ ማን ቀርቷል የሚለው አብሮ ይታያል።

በአሜሪካ ዘመዶች ያሏችሁ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ታውቃላችሁ። እዚያ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ሲለቀቅ ያለ ምርጫ መሙላት ሕገ መንግሥቱ አይፈቅድም። በታኅሣሥ 2023 ጆርጅ ሳንቶስ የሚባለው የኒው ዮርክ ተወካይ ከምክር ቤቱ ሲባረር፣ በየካቲት 13፣ 2024 የዚያ አካባቢ ሰዎች ብቻ ተጠርተው መረጡ፤ ወንበሩም ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ተሻገረ። በእንግሊዝ አገርም እንደዚሁ ነው። የአንድ ሰው መሄድ የአንድን አካባቢ ሕዝብ ሁሉ ወደ ድምፅ መስጫ ያመጣል።

እዚህ ግን አፉላ የራሷ ወንበር የላትም። ጎንደር ለተወለደ ሰው ይህን መቀበል ቀላል አይደለም። ሃይፋም የላትም፣ ኢየሩሳሌምም የላትም። አገሩ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ነው፤ 120 ወንበር አለ፤ የሚመረጠውም ሰው ሳይሆን የስም ዝርዝር ነው። እናቶቻችን ወደ ካልፒው መጋረጃ ጀርባ ገብተው ፊደል የተጻፈበትን ወረቀት ፖስታ ውስጥ ሲያስገቡ፣ ከዚያች ትንሽ ወረቀት ኋላ እስከ 120 ሊደርስ የሚችል የሰው ስም ተሰልፎ ቆሟል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ሰዎች በቴሌቪዥን አይተናቸዋል። ሌሎቹን ግን አላየናቸውም።

መምህር ያለ ጠመኔ መናገር ስለማይሆንለት እዚህ ሰሌዳው ላይ እንጻፈው። ይኸው አንድ ፓርቲ 40 ስም አስመዘገበ እንበል። ምርጫው ተቆጠረና 12 ወንበር አገኘ። ከ1 እስከ 12 ያሉት ይገባሉ። 13ኛው ቤቱ ይቀመጣል፤ ስልኩን ግን አያጠፋም። ከዓመት በኋላ 4ኛው ሰው ሥራውን ለቀቀ። ማን ይገባል? ባለፈው ሳምንት ይህን ስንጠይቅ ከወጣቶቹ አንዱ «5ኛው» አለን። 5ኛውማ ከውስጥ ነው፤ ቀድሞ ገብቷል። የሚገባው 13ኛው ነው። ሌላ ሰው ቢሞት ወይም ቢለቅ 14ኛው ይገባል፤ እንዲህ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። በመሠረታዊ ሕጉ፣ «ሆክ ዬሶድ፦ ሃክነሴት» በሚባለው፣ በ43ኛው አንቀጽ የተጻፈው ይህ ነው። መልቀቂያ ያስገባ አባል ደብዳቤውን ለአፈ ጉባኤው ይሰጣል፤ ሐሳቡን ካልለወጠ 48 ሰዓት ሲሞላ አባልነቱ ያበቃል። ካልፒ የለም፣ ቅስቀሳ የለም፣ የእኛም የመታወቂያ ወረቀት ከመሳቢያ አይወጣም።

በነገራችን ላይ «ልዩ ምርጫ» የሚባል ነገር በእስራኤል ፈጽሞ አልተደረገም ማለት አይደለም። በ1996ና በ1999 ሁለት ወረቀት እንደመረጥን ታስታውሳላችሁ፤ አንዱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ አንዱ ለክነሴት። ባራቅ ሥልጣን ሲለቅ በየካቲት 6፣ 2001 ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ብቻ ምርጫ ተደረገ፤ ሻሮን አሸነፈ፤ ክነሴቱ ግን እንዳለ ቀጠለ። ያ አሠራር ወዲያው ተሻረ። አሁን ያለው የዝርዝሩ ወረቀት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች እንምጣ። አዲሱ መሰለ በ1996 በአቮዳ ዝርዝር ሲገባ ከእኛ ማኅበረሰብ የመጀመሪያው ነበር። ያ ዓመት የደሙ ዓመት ነው፤ የለገስነው ደም እንደተጣለ ተሰምቶ በጥር ወር በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት የተሰለፍንበት። አዲሱ የገባው ቁጥሩ ስለበቃው ነው፤ ማንም እስኪለቅለት አልጠበቀም። በ1999 ከክነሴት ሲወጣ ግን ለብዙ ዓመታት የእኛ ሰው በዚያ አዳራሽ አልተቀመጠም።

በ2006 ካዲማ 29 ወንበር አገኘ። ሽሎሞ ሞላ በዝርዝሩ ላይ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ከዚያ በታች ነበረ። ሻስም 12 ወንበር አገኘ፤ ራቢ ማዞር ባሃይና ከ12ቱ በታች ነበሩ። ሁለቱም ቤታቸው ቀሩ። ከዚያ በየካቲት 2008 አቪግዶር ኢጽሃቂ ሲለቅ ተራው ለሞላ ደረሰ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ፣ ሽሎሞ ቤኒዝሪ በጉቦ ወንጀል ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ፣ ቦታው ለራቢ ባሃይና ደረሰ። ልብ በሉ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ሳይኖረን በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ሰው አገኘን፤ በሁለቱም ጊዜ እኛ ድምፅ አልሰጠንም።

ፕኒና ታማኖ-ሻታም እንዲሁ ናት። በ2013 ከሺሞን ሰለሞን ጋር በየሽ አቲድ ዝርዝር ገባች፤ በኢትዮጵያ ከተወለዱ ሴቶች የመጀመሪያዋ የክነሴት አባል ሆነች። በ2015 ፓርቲው ወደ 11 ወንበር ሲወርድ ቁጥሯ ውጪ ቀረ። በየካቲት 2018 ያኮቭ ፔሪ ሥራውን ሲለቅ ተመለሰች፤ በ2020 ደግሞ ሚኒስትር ሆነች። በአማርኛ ሬዲዮ ድምፅዋን የምናውቃት ጸጋ መላኩም ከ2022 ምርጫ በኋላ ክነሴት የገባችው በተተኪነት ነው።

«ተተኪ» የሚለውን ቃል ዝቅ አድርገን እንዳታዩት። ወንበሩ ሙሉ ወንበር ነው፣ ድምፁም ሙሉ ድምፅ ነው፤ የሞላ ድምፅ ከኢጽሃቂ ድምፅ አላነሰም። አንድ የተለየ ዓይነት ግን አለ። በ2015 የወጣ «የኖርዌይ ሕግ» የሚባል አለ፤ ኋላም ሰፍቷል። አንድ ሚኒስትር ከክነሴት ወጥቶ ሚኒስትርነቱን ይዞ እንዲቆይ፣ በቦታውም ከዝርዝሩ ቀጣዩ እንዲገባ ይፈቅዳል። ሚኒስትሩ ከመንግሥት ሲወጣ ወደ ክነሴት ወንበሩ መመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ በእርሱ ምክንያት የገባው ሰው ይወጣል። ይህኛው የተበደሩት ወንበር ነው። በዚህ መንገድ የገባ ሰው በሚኒስትሩ ላይ ጮክ ብሎ ለመናገር ምን ያህል ነፃነት እንዳለው እናንተው ፍረዱ።

ታዲያ አንዳንድ ወጣቶቻችን «ሕጉ ይለወጥ፣ እንደ አሜሪካ በየከተማው እንምረጥ፣ ወንበር ሲለቀቅም እንጠራ» ይላሉ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ነገር ግን ሂሳቡን እንሥራ። እኛ በአገሩ ሁሉ ከ160 ሺህ በላይ ነን፤ የተበተንነውም በአፉላ፣ በሃዴራ፣ በናታንያ፣ በረሆቮት፣ በአሽዶድ፣ በአሽቀሎን፣ በኪርያት ጋት፣ በቤር ሼቫና በሌላም ቦታ ነው። በአንዲትም ከተማ ግማሹን አንሞላም። በየከተማው አንድ ሰው የሚመረጥ ቢሆን፣ የማሟያ ምርጫም ቢደረግ፣ በየቦታው የሚያሸንፈው ብዙው ነው፤ እኛም በየቦታው ጥቂቶች ሆነን እንቀራለን። ዝርዝር ያለበት አሠራር፣ ከነጉድለቱ፣ ለተበተነ ሕዝብ ይሻላል ብለን እናምናለን። በዚህ የማይስማሙ ጓደኞች አሉን፤ ክርክሩን በሌላ ቀን እንቀጥላለን።

«እንግዲያው የራሳችንን ዝርዝር እናውጣ» የሚሉም አሉ። ተሞክሯል። በ2006 አብርሃም ንጉሤ «አቲድ ኤሓድ» የሚባል ዝርዝር ይዞ ቀረበ፤ 14 ሺህ ያህል ድምፅ አገኘ። ያን ጊዜ ለመግባት ከሁሉም ድምፅ 2 በመቶ ያስፈልግ ነበር፤ አልደረሰም። ከ2014 ወዲህ ደግሞ 3.25 በመቶ ሆኗል። በ2022 ምርጫ ይህ ወደ 155 ሺህ ድምፅ ማለት ነበር። ከሕዝባችን ሕፃናቱንና ታዳጊዎቹን ቀንሱ፤ የቀረው ሁሉ፣ አንድ ሰው ሳይቀር፣ አንድ ወረቀት ቢያስገባ እንኳ አይሞላም። ንጉሤ ራሱ በኋላ በ2015 ክነሴት የገባው በትልቅ ፓርቲ፣ በሊኩድ ዝርዝር ነው።

ስለዚህ የቀረን መንገድ በሌሎች ዝርዝር ውስጥ የሚኖረን ቁጥር ነው። ዋናው ነገራችንም እዚህ ላይ ነው። ሌላው አገር ወንበር ከተለቀቀ በኋላ ምርጫ ያደርጋል። እዚህ የሚለቀቀውን ወንበር ማን እንደሚይዘው የሚወሰነው ከምርጫው በፊት፣ ዝርዝሩ ለምርጫ ኮሚቴው በሚቀርብበት ቀን ነው። በ2022 ዝርዝሮቹ የተዘጉት በመስከረም 15 ነው፤ ድምፅ የተሰጠው በኅዳር 1። በእነዚያ 47 ቀናት ውስጥ ፖለቲከኞቹ ማትናሱን ሁሉ ዞሩ፣ በአማርኛ ወረቀት በተኑ፣ ድፎ ዳቦ ቆረሱ፣ ከእኛ ጋር እስክስታ ወረዱ። ቁጥሩ ግን ቀድሞ ተዘግቶ ነበር። የማሟያ ምርጫው እኛ ሳናውቀው አልፎ ነበር ማለት ነው።

ዕብራይስጡ «ማኮም ሬያሊ» የሚለው አለ፤ የሚያስገባ ቁጥር ማለት ነው። ፓርቲው 25 ወንበር ያገኛል ተብሎ ከተገመተ 20ኛ የሚያስገባ ቁጥር ነው፤ 27ኛ ዕድል ነው፤ 38ኛ ፎቶግራፍ ነው። ፓርቲዎች፣ ቀኙም ግራውም ሃይማኖተኛውም፣ የእኛን ልጅ ከወሰኑ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥን ልማድ አድርገውታል ብለን ስንናገር ማንንም ለመሳደብ አይደለም፤ ቁጥሮቹን አይተን ነው። ከወሰኑ በታች የተቀመጠ ሰው ለፓርቲው ሁለት ጥቅም ይሰጣል። ፊቱ የእኛን ድምፅ ያመጣል፤ ወንበሩን ግን ሌላ ሰው ይይዘዋል። ከእኛ የሚጠበቀው ደግሞ አንድ የማናውቀው ሰው እስኪለቅ፣ እስኪታመም ወይም እስኪከሰስ መጠበቅ ነው። በሰው መከራ ላይ የቆመ ተስፋ ደግሞ ለቤተ እስራኤል ባህል የሚያኮራ አይደለም።

ስለዚህ የፓርቲ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንተኛ?» ስለ እስራኤል ፍቅሩ፣ ስለ ኢትዮጵያ ቡና፣ ስለ ዘመቻ ሙሴና ስለ ዘመቻ ሰለሞን ብዙ ይነግረናል፤ በአክብሮት እንሰማለን። ከዚያ ግን «ከእኛ መካከል ያስቀመጣችሁት ሰው ስንተኛ ነው? ባለፈው ምርጫ ስንት ወንበር አገኛችሁ? ከእርሱ በላይ ሊለቁ የሚችሉት እነማን ናቸው?» እንበል። ልጆቻችን በትምህርት ቤት መደመርና መቀነስ ተምረዋል፤ ከሰሌዳው ላይ ያየነውን ሂሳብ ቤት ሄደው ለአያቶቻቸው ይሥሩላቸው።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚወሰን ደግሞ ከፓርቲ ፓርቲ ይለያል። በአንዳንዶቹ መሪው ወይም ራቢዎቹ ይወስናሉ፤ እዚያ የሚሰማው ከዝርዝሩ መዘጋት በፊት የሚላክ የማኅበረሰብ ድምፅ ነው። እንደ ሊኩድና እንደ አቮዳ ባሉት ግን አባል የሆነ ሰው በውስጥ ምርጫ፣ በ«ፕራይመሪስ»፣ ሰዎቹን ራሱ ደረጃ ሲሰጥ ኖሯል። ለዚህ አባልነቱ ቀደም ብሎ መመዝገብና የአባልነት ክፍያም መከፈል አለበት፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጥ ሰው አይደርስም። ወደ የትኛው ፓርቲ ግቡ አንላችሁም፤ ይህ ጋዜጣም ሆነ ይህ ስብሰባ የማንም ፓርቲ አይደለም። የምንላችሁ ከአንድ ቤት አባትየው እዚህ፣ ልጅየው እዚያ ቢሆኑ እንኳ ሁለቱም ቀድመው ይግቡ ነው።

እዚህ ላይ ሚዛኑን ለመጠበቅ አንድ ነገር እንጨምር። ሁሉ ነገር የሚሠራው በእኛ ሰው እጅ ብቻ አይደለም። ስግድ የመንግሥት በዓል እንዲሆን ሕጉ በሐምሌ 2008 ክነሴት ሲያልፍ፣ ረቂቁን ያቀረበው ኡሪ አሪኤል ነበር፤ እርሱ ከእኛ ማኅበረሰብ አይደለም። ቄሶቻችንና ወጣቶቻችን ለዓመታት ያሰሙት ጩኸት ነው ጆሮ ያገኘው። በ2015 ልጆቻችን አደባባይ ከወጡ በኋላም በ2016 የፓልሞር ኮሚቴ በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ ስለሚደርስ ዘረኝነት ረጅም ሪፖርት አወጣ፤ በፍትሕ ሚኒስቴርም ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል ተቋቋመ። ነገር ግን በኮሚቴ ክፍል ውስጥ በር ተዘግቶ ስለ ትምህርት በጀት ሲነገር፣ ያ ነገር ለእኛ ልጅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ መኖሩና አለመኖሩ ልዩነት አለው። መምህራን ስለሆንን ይህን በየቀኑ እናየዋለን።

አሁን ከክነሴት እንውረድና ወደ ከተማችን እንምጣ፤ ለአፉላ ሰው ይህኛው ይቀርበዋል። በከተማ ምርጫ ሁለት ወረቀት አለ። ቢጫው ለከንቲባው ነው፣ ነጩ ለምክር ቤቱ ዝርዝር። የመጨረሻው በየካቲት 27፣ 2024 የተደረገው ነው፤ በጦርነቱ ምክንያት ከጥቅምት 2023 ዘግይቶ። ሁለቱ ወረቀቶች ሲጎድሉ የሚሟሉት በተለያየ መንገድ ነው። ከንቲባው በስሙ የተመረጠ ሰው ስለሆነ፣ ዘመኑ ሳያልቅ ቦታው ቢለቀቅ ሕዝቡ ለልዩ ምርጫ እንደገና ይጠራል፤ ለዘመኑ መጨረሻ ጥቂት ጊዜ ሲቀር ከሆነ ግን ምክር ቤቱ ከአባሎቹ ይመርጣል። እንግዲህ ሽማግሌዎቻችን የሚፈልጉት ዓይነት ምርጫ በዚህ አገርም አለ፤ ያለው ግን በቢጫው ወረቀት ነው። የምክር ቤት አባል ሲለቅ እንደ ክነሴቱ ነው፦ ከዝርዝሩ ቀጣዩ ይገባል።

በዚህ ነጭ ወረቀት ዙሪያ ደግሞ «ሮታጽያ» የሚሉት ነገር አለ፤ ይህን በደንብ ስሙን። አንድ ዝርዝር ሁለት ወንበር አገኛለሁ ብሎ ያስብና ለእኛ ሰው 3ኛውን ይሰጠዋል። «ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆን ሁለተኛው ይለቅልሃል፣ አንተ ትገባለህ» ይሉታል። የእኛ ሰው ደስ ብሎት ቤት ለቤት ይዞራል፣ ዘመድ ይሰበስባል፣ ነጩ ወረቀት ይሞላል። ሁለት ዓመት ተኩል ይሞላል። ሁለተኛው «ሥራ ጀምሬያለሁ፣ ትንሽ ልጨርስ» ይላል። ከእኛ ጋር ከሚሠሩት አንዱ ይህ ደርሶበታል፤ የትኛው ከተማና የትኛው ዝርዝር እንደሆነ አንናገርም። በቃል የተገባውን ቃል ይዞ እስከ ዘመኑ መጨረሻ ጠበቀ፤ ስልክ ሲደውል «በሚቀጥለው ወር» እየተባለ ዘመኑ አለቀ። ተተኪ የሚገባው ወንበሩ የለቀቀ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ተነሥ የሚለው ግን ማነው? እኛ አገር በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል ይከበራል፤ እዚህ ጠበቃ ያላየው ቃል ነፋስ ይወስደዋል። ሮታጽያ የሚቀርብለት ሰው ከመስማማቱ በፊት ነገሩን በጽሑፍ ያድርግ፣ በዕብራይስጥ የተጻፈውንም ሳያስነብብ አይፈርም። ከሁሉ የሚሻለው ግን «መጀመሪያውን ሁለት ዓመት ተኩል እኔ ልቀመጥ፣ ከዚያ ለእርሱ ልልቀቅ» ብሎ መጠየቅ ነው። በዚህ የሚስማማ ካለ ሮታጽያው እውነት ነው። የማይስማማ ከሆነም ለምን እንዳልተስማማ ይንገረን።

በከተማ ምርጫ ሌላም የማይታወቅ ነገር አለ። ለክነሴት 18 ዓመት ያስፈልጋል፤ ለከተማ 17 ይበቃል። ለክነሴት ዜጋ መሆን ግድ ነው፤ ለከተማ ግን ዜግነቱ ገና ያልተጠናቀቀለት ቋሚ ነዋሪም ይመርጣል። በቅርብ ዓመታት የመጡ ዘመዶቻችን «እኛ ገና ነን» ብለው የሚቀመጡት ይህን ሳያውቁ ነው።

የመጨረሻው ስለ አድራሻ ነው፤ ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ድምፅ የሚጠፋው ግን በእርሱ ነው። ካልፒው የሚመደበው በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በተመዘገበው አድራሻችን ነው። ከመርካዝ ክሊታ ወደ አፉላ የመጣ፣ ከአፉላ ወደ ልጁ ሄዶ የተመለሰ፣ አድራሻውን ካልለወጠ ስሙ ያለው በቀድሞው ከተማ ነው። ለክነሴት ቢሆን ርቆ ሄዶ ይመርጥ ይሆናል፤ ለከተማ ምርጫ ግን የሚመርጠው የማይኖርበትን ከተማ ከንቲባ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቴኡዳት ዜሁታችሁን የያዛችሁ ሁሉ፣ ከመታወቂያው ጋር ያለውን ሰማያዊ ወረቀት፣ «ሴፌሕ» የሚባለውን፣ አውጡልን። ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል የመጡ ልጆች ተቀምጠዋል፤ አድራሻውን ያነቡላችኋል፣ የሚለወጥ ካለ ፎርሙን ከእናንተ ጋር ይሞላሉ። ወረቀቱን ቤት የረሳችሁ በሚቀጥለው ሰኞ በዚሁ ሰዓት አምጡት። የሰሌዳው ሂሳብ በዕብራይስጥና በአማርኛ ተባዝቶ በር ላይ አለ፤ አንድ አንድ ውሰዱ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከእናቶች እንጀምር።